ለገደል ወፍ የተነበበ የሕይወት ታሪክ

ሥራዬ ሙታንን ማመስገን ነው። ጎንደር ውስጥ ሰው ሲሞት፣ አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ፍትሐቱ ካበቃ በኋላ፣ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ወደ ድምፅ ማጉያው ይጠጋና የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። በእኛ ሰፈር ያ ሰው እኔ ነኝ። የምጽፈውም እኔው ነኝ። ቤተሰቡ የተወለዱበትን ዘመን፣ የአባትና የእናታቸውን ስም፣ የልጆቻቸውን ቁጥር ይነግረኛል፤ የቀረውን እኔ አውቅበታለሁ። «በሥነ ምግባር ታንጸው ያደጉ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ እጃቸው ለሁሉ የተዘረጋ» እላለሁ። አንድ ጊዜ ለጎረቤቱ ክብሪት አውሶ በማያውቅ ነጋዴ ቀብር ላይ «እጃቸው ለሁሉ የተዘረጋ» ብዬ ሳነብ፣ ከኋላ የቆመው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሳል ያዘው። ቃሉን ግን አልጣልኩትም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ሟች ተጠቀምኩበት።

ዕንባቆም እባላለሁ። የተወለድኩት ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብሩን ያገለገሉ ካህን ስለነበሩ እኔም መሪጌታ እንድሆን ዜማ ቤት ገባሁ። ድምፅ ነበረኝ፤ ያልነበረኝ ማስታወስ ነው። ጓደኞቼ ድጓውን ከነምልክቱ ሲዘልቁት፣ እኔ ጠዋት የተቀበልኩትን ማታ ፍለጋ እገባ ነበር። የኔታ ታገሡኝ፣ ታገሡኝና በመጨረሻ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ጉሮሮ ሰጥቶሃል፤ በጉሮሮው የሚወጣውን ግን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል» ብለው አሰናበቱኝ። ከዚያ ወዲህ ከወረቀት ላይ የማነበውን እንጂ በቃሌ የምለውን ነገር አልሞከርኩም።

ባለቤቴ ሸዋአየሁ «ከዚህ ሰው አፍ ደግ ቃል ለመስማት መሞት ያስፈልጋል» ትላለች። አልዋሸችም። ቋሚን ማመስገን አይሆንልኝም። የሠራችው ወጥ ሲጣፍጠኝ «ጨው አልበዛበትም» እላለሁ፤ እሷም ከዓመታት በኋላ ትርጉሙን ደርሳበታለች። አንዲቷ ልጃችን ዝማሬ ግን ገና አልደረሰችበትም። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ወደ ፒያሳ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ ስቱዲዮ የከፈተች ዕለት፣ ግድግዳውን በፍራሽና በብርድ ልብስ እንዴት እንደሸፈነችው፣ ማይክሮፎኑን የት እንደሰቀለችው አንድ በአንድ አሳየችኝ። እኔ ዞር ዞር ብዬ አየሁና «በሩ ጠሟል» አልኳት። በጣም ኮርቼ ነበር።

ስቱዲዮው ሠርግ እየቀረጸና ድምፅ ማጉያ እያከራየ ጥቂት ጊዜ ቆመ። ከዚያ ሰላሙ ራቀና ዘመኑ እንደምታውቁት ሆነ። ደጋሹም ድግሱን በር ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ መደገስ ጀመረ። አንድ ማታ ዝማሬ እራት ላይ ቁጭ ብላ «አዲስ አበባ ጓደኛዬ ልብስ ቤት ሥራ አግኝታልኛለች» አለች። «ግን አንድ ነገር ሞክሬያለሁ። ለልጆች የተፈጥሮ ፊልም በአማርኛ የሚያዘጋጅ ድርጅት አንድ ፊልም ለሙከራ ልኮልኛል። ከወደዱት ሌሎቹንም ይሰጡኛል። ካልወደዱት ስቱዲዮውን ዘግቼ እሄዳለሁ።»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጆሮዬ የያዘው «እሄዳለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ልጄ እንድትሄድ አልፈልግም ነበር። በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ የበሩን ድምፅ ሳልሰማ ማደር እንደማልችል አውቀዋለሁ። ይህን ልነግራት ይገባ ነበር። «ልብስ ቤት ቆሞ መዋል እግር ያሳብጣል» አልኳት።

ፊልሙን ሊተርክላት የተስማማው የሻው የሚባል የሠርግ መድረክ መሪ ነበር። እሱ ደግሞ የጾም መያዣ ሰሞን ሁለት ሠርግ ላይ ሲጮኽ ውሎ ድምፁ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ዝማሬ ሁለት ቀን ሌላ ሰው ስትፈልግ ቆየችና በሦስተኛው ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔን አየች፣ መሬቱን አየች፣ ደግሞ እኔን አየች።

«አባባ፣ ድምፅህን ታውሰኛለህ?»

«ሥራ በዝቶብኛል» አልኩ። በዚያ ሳምንት ሰፈራችን ውስጥ የሞተ ሰው አልነበረም፤ እሷም ታውቃለች። በማግስቱ ግን ከእሷ ቀድሜ ስቱዲዮው ደረስኩ።

ፊልሙ በዓለም ሰሜን ጫፍ፣ በረዶ ባለበት ባሕር ዳር ስለሚኖሩ ወፎች ነው። ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ ነው፤ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ለቅዳሴ የተሰለፉ ይመስላሉ። አማርኛ ስም ስለሌላቸው ዝማሬ «የገደል ወፍ» አለቻቸው። ጎጆ አይሠሩም። ከባሕሩ በላይ ቀጥ ብሎ በቆመ ገደል ላይ፣ በሺህ የሚቆጠሩት እየተገፋፉ ባዶ ድንጋይ ላይ አንድ አንድ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ ባንድ ወገን ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ሲነካ ባለበት ይዞራል እንጂ ቶሎ ተንከባልሎ አይወድቅም ይላል ጽሑፉ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ትልቁ ያየሁት ውኃ ጣና ነው፤ እሱም ላይ ጎርጎራ ጀልባ ተሳፍሬ ገና ከዳር ሳንርቅ አስመልሶኝ፣ ጀልባው ለእኔ ሲባል ተመልሷል።

ሥራው ገና ሲጀመር ተጣላን። ጽሑፉ በዚያ አገር በበጋ ወራት ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም ይላል።

«ታዲያ ጿሚው መቼ እህል ይቀምሳል?» አልኳት።

«አባባ፣ እዚያ ያሉት ወፎች ናቸው።»

ቀጥሎ ዓሣ መጣ። ወፎቹ የሚኖሩት በዓሣ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። እኔ ዓሣ በሚለው ቦታ ሁሉ «ምግብ» እያልኩ አነበብኩ። ዝማሬ ቀረጻውን አቆመችና ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች። «ዓሣ በል።» «በጾም?» «አንተ አትበላውም፤ ወፏ ናት የምትበላው።» ይህ ክርክር የግማሽ ቀን ሥራ በላ። በመጨረሻ ዓሣ አልኩ፤ ግን በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነበር። ዝማሬ «ጫጩቱ ገደሉ ጫፍ ላይ ተፈለፈለ» ብላ የጻፈችውን እኔ «ከአባቱና ከእናቱ፣ በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ልዩ ስሙ ገደል በተባለ ቦታ ተወለደ» ብዬ አነበብኩት።

«እንደተጻፈው አንብብ፣ አባባ።»

«ሰው ከማን እንደተወለደ ሳይነገር ታሪኩ አይጀመርም።»

«ሰው አይደለም።»

እንደተጻፈውም ሳነብ አልሆነም። ዐረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር ድምፄ ይወርድና ዝም እላለሁ። ዝማሬ ለምን እንደምቆም ጠየቀችኝ። ለለቅሶው ነው አልኳት። እውነት ነው፤ ብዙ ዓመት ሳነብ ለአልቃሾች ቦታ መተው ለምጄአለሁ፤ ቦታ ካልተተወላቸው ይቀየማሉ። «እዚህ የሚያለቅስ የለም» አለችኝ። «ደስ ብሎህ አንብበው፤ ልጆች ናቸው የሚሰሙት።» ፈገግ ብዬ አነበብኩ። መልሳ ስታሰማኝ ድምፄ ውርስ የደረሰው ዘመድ ድምፅ ይመስላል።

ለሙከራ ሙሉውን አንዴ ቀረጽንና ዝማሬ ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ጉዳይ ፒያሳ ወረደች። «እኔ እስክመጣ ቁጭ ብለህ ራስህን ስማ፤ ምን እንደጎደለ ይገባሃል» አለችኝ። ሰማሁ። ምንም የጎደለ ነገር አላገኘሁበትም። እንዲያውም በትንሿ ማጉያ መሰማቱ ግፍ ሆኖ ታየኝ። ለሠርግ የሚከራየውን ትልቁን ድምፅ ማጉያ እየጎተትኩ በሩ ላይ አቆምኩና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ እንደገና ከመጀመሪያው ለቀቅሁት። ሰፈሩ ይስማ ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከዚያ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ለወላጆቹ ያለው አንድ እሱ ብቻ ነበር» ይላል ድምፄ፣ መንገዱን ሞልቶ። «እናቱና አባቱ ብርድና ነፋስ ሳይሉ፣ እየተፈራረቁ አሳደጉት። ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ያን ዕለት ከገደሉ ጫፍ ቆሞ ወደ ታች ተመለከተ።» እዚህ ላይ ድምፄ ወርዶ ቆመ። በዝምታው መሐል የሚያለቅስ ሰው ሰማሁ። ንባቤ ልብ ነካ ብዬ ኮራሁ። ዓይኔን ስገልጥ እማማ ጥሩ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመዋል። እማማ ጥሩ ከስቱዲዮው ፊት ለፊት የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ በሰፈራችን ያልደረሱበት ለቅሶ የለም።

«የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«የምኑ ልጅ?»

«ከገደል የወደቀው። ሦስት ሳምንቱ ነው እያልክ። ወይ እናቱን፣ አንድ ለእናቱ ነበር እኮ።»

«ልጅ አይደለም እማማ፣ ወፍ ነው» አልኩ። በማጉያው ውስጥ የሚጮኸው ዕንባቆም ግን እኔን አላስሰማ አለ። እማማ ጥሩ ገብተው ተቀመጡ። ሦስት ሴቶች ተከተሏቸው። የማላውቀው ሰውዬ መንገድ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ማጥፊያውን ስፈልግ፣ ስሳሳት፣ ድምፁን ይብስ ስጨምር፣ የእድራችን ሰብሳቢ አያ አለበል የድንኳን እንጨት የጫነ ጋሪ አስከትለው ደረሱ።

«ምነው ዕንባቆም» አሉ፣ «ጡሩምባ ሳይነፋ፣ እድሩ ሳይሰማ፣ ማጉያ ይቀድማል? ድንኳኑን ከየትኛው ደጅ እንትከለው?»

ይሄኔ የማጉያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። የሞተ ሰው እንደሌለ፣ የሚነበበው ስለ ወፍ እንደሆነ፣ ወፉም በዓለም ጫፍ ያለ የባሕር ወፍ እንደሆነ ነገርኳቸው። አያ አለበል ጋሪውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ወፉ እድርተኛ ነው?»

«አይደለም።»

«እኔስ ገርሞኝ ነበር። አርባ ቀኑ ላልሞላ ሕፃን ድንኳን አይተከልም። ግን አንተ እንዲያ አድርገህ ስታነብለት ጊዜ፣ ትልቅ ሰው መስሎኝ።»

ባርኔጣውን ያወለቀው ሰውዬ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሴቶቹ ሳቁ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እንደዚያ ቆሜ ሳለሁ ዝማሬ ከመንገዱ ማጠፊያ ብቅ አለች። ያየችው የራሷን ስቱዲዮ በር፣ ከበሩ ላይ የድንኳን እንጨት፣ እዚያ የተሰበሰበ ሰው፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ እማማ ጥሩን ነው። እኔን አላየችኝም። የያዘችውን ሁሉ መንገድ ላይ ጥላ እየሮጠች መጣች፤ ሰዉን ጥሳ ገብታ ስታገኘኝ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። «አንተ መስለኸኝ ነበር» አለች። ከዚያ ነገሩ ሲገባት መሬት ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን ሸፈነች፤ ትስቅ ታልቅስ አላወቅሁም። ምን ልበላት? «ገመዱን ነቅዬዋለሁ» አልኳት።

አያ አለበል ጋሪውን አዙረው ሄዱ። ሰዉም ተበተነ። እማማ ጥሩ ግን አልተነሡም።

«ቆይ እንጂ» አሉኝ፣ «ሕፃኑስ ምን ሆነ? ከገደሉ ጫፍ አቁመኸው ነው እኮ ያጠፋኸው።»

ተናድጄ ነበር። በራሴ ተናድጄ በእሳቸው ላይ ነው የተነሣሁት። «ይዘላል!» አልኳቸው። «ምን ይሆናል፤ ይዘላል እንጂ። አባቱ ታች ባሕሩ ላይ ሆኖ ይጠራዋል።»

«አባቱ? እናቱ የት ሄዳ?»

«እናቱ ላይ ገደሉ ላይ ናት።»

«ክንፉ ያልጠና ልጅ ከገደል ዝለል የሚል ምን ያለ አባት ነው?»

«እና እዚያው ይኑር? ገደሉ ላይ ምን ይበላል? ዓሣው ያለው ሩቅ ባሕር ውስጥ ነው። ሁለቱ ከዚያ ድረስ አንድ አንድ ዓሣ እያመላለሱ እስከ መቼ ይችሉታል? ልጁ እያደገ፣ ብርዱ እየመጣ ነው። ባይዘል እዚያው ድንጋይ ላይ ነው የሚቀረው።»

«ታችስ የሚያገኘው አውሬ የለም?»

«አለ። ነጭ ቀበሮ አለ።»

«ነጭ? ይድፋው።»

«ድንጋይ ላይም የሚወድቅ አለ። ግን ገላው ገና ስብና ለስላሳ ላባ ስለሆነ ነጥሮ ይነሣል። ተነሥቶ ወደ ባሕሩ ይሮጣል። ሺህ ወፍ በሚጮኽበት መሐል የአባቱን ድምፅ ለይቶ ያውቀዋል፤ ይጠራዋል፣ አባቱም ይመልስለታል፣ እንዲህ እየተጠራሩ ይገናኛሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይዞት ይሄዳል። መብረር አይችልም፤ ስለዚህ ጎን ለጎን እየዋኙ ነው። ስንት ሳምንት እየዋኙ ከገደሉ ይርቃሉ። አባቱ እየጠለቀ ዓሣ እያወጣ ያበላዋል። ልጁ ራሱ እስኪችል ድረስ አይለየውም።»

እማማ ጥሩ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያስ ሸጋ አባት ነው» አሉ።

ዝማሬ ከመሬት ተነሥታ ከመሣሪያው አጠገብ ቆማ ነበር። የመቅረጫው ቀይ መብራት በርቷል። «አባባ» አለችኝ፣ «ይኸ ነው። ዓሣውን እንኳ ጮኸህ ነው ያልከው።»

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ነጠቀችኝ። እማማ ጥሩን ከፊቴ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና ፊልሙን ከመጀመሪያው ለእሳቸው እንድነግራቸው አዘዘችኝ። እሳቸውን ደግሞ ምንም እንዳይናገሩ ለመነቻቸው። በእንቁላሉ ላይ ቻሉት። በፀሐዩ ላይም አፋቸውን በነጠላ ይዘው ቻሉት። ቀበሮው ሲመጣ ግን አልቻሉም፤ «ይድፋው» ያሉት ፊልሙ ውስጥ ገባ። ዝማሬ ልትቆርጠው ሞክራ ከእኔ ድምፅ ጋር ተጣብቆ እምቢ ስላላት እንዳለ ላከችው።

መልሱ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ወደዱት። አሮጊቷ ማን እንደሆኑም ጠየቁ፤ በሌሎቹም ፊልሞች እንዳይቀሩ አሉ። እኔ ይህን ስሰማ ለሸዋአየሁ በኩራት «ልጃችን አትሄድም» አልኳት። ያልሰማሁት ነገር ግን ነበር። ዝማሬ እራት ላይ ነገረችን። ሥራው ብዙ ነው፤ ሰዎቹ አዲስ አበባ ባለው ስቱዲዮአቸው ውስጥ ሆና እንድትሠራ፣ ከሌሎች ጋር እየተማረችም የትርጉሙን ክፍል እንድትመራ ይፈልጋሉ። ከዓመት በኋላ ደግሞ ፊልሙ ወደሚነሣበት አገር ለትምህርት ሊልኳት ያስባሉ። «እዚህ ሆኜ እየሠራሁ ልላክላችሁ ብያቸው ነበር፣ አይሆንም አሉ» አለች። «ስለዚህ ተውኩት። እናንተን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ስቱዲዮውን እንደምንም እቀጥላለሁ።»

የፈለግሁት ሆነልኝ። እንደዚያን ማታ በልቼ አላውቅም። ሸዋአየሁ ሳህኑን እያነሣች «ደስ ብሎሃል» አለችኝ። «ምን አልኩ?» ብላት «ሦስት ጊዜ አስጨመርክ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ስትገባ ቆም ብላ «እሷ ግን አልበላችም» አለች።

ሰንበትበት ብዬ ወደ ስቱዲዮው ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ዝማሬ ብቻዋን ተቀምጣ ያንኑ ፊልም ድምፁን አጥፍታ ታያለች። ጫጩቱ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሟል። አንድ እርምጃ ይቀርባል፣ ይመለሳል። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አየሁትና ራሴን ጠላሁት። በልጄ ወጪ ሦስት ጊዜ ያስጨመርኩ ሰው ነኝ። አብሬያት ብቀመጥም ቃል አልመጣልኝ አለ። የለመድኩት ቃል ሁሉ «ነበሩ» እያለ ነው የሚያልቀው።

«ዝማሬ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ» አልኳት በመጨረሻ።

ዞር ብላ በድንጋጤ አየችኝ። «አመመህ እንዴ፣ አባባ?»

«አላመመኝም። ጎበዝ ነሽ። ከእኔ ከእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ፊልም ያወጣሽ ልጅ ነሽ። እዚህ ብትቀሪ እኔ ደስ ይለኛል፤ አንቺ ግን እንደ ጫጩቱ እዚሁ ድንጋይ ላይ ትቀሪያለሽ። ሂጂ።»

ፊልሙን አቆመችው። ከዚያ ቀስ ብላ «እፈራለሁ» አለች። «ልብስ ቤት ቢሆን አልፈራም ነበር። ይኸ ከአቅሜ በላይ ቢሆንስ? ማንንም አላውቅም እዚያ።»

ሂጂ ማለት ቀላል ነው። ያ ወፍ ግን ልጁን የሚጠራው ቀድሞ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ነው። እኔ ገደሉ ላይ ተመቻችቼ ተቀምጬ ዝለይ የምል ከሆነ፣ ይኸ መጥራት ሳይሆን መገፍተር ነው። ይህን ሳስብ አፌ ቀደመኝ። «አብሬሽ እሄዳለሁ፤ እስክትለምጂ አብሬሽ እከርማለሁ» አልኳት። የሸዋአየሁን ፈቃድም ሆነ የራሴን ሆድ አልጠየቅሁም።

በመኪና መሄድ መንገዱ አላስተማመነንም፤ ከአዘዞ በአውሮፕላን ተሳፈርን። እኔ በጀልባ የተመለስኩ ሰው ነኝ። የመስኮቱን ወንበር ለእሷ ሰጠኋት፤ ይህም ደግነት ተብሎ ተቆጠረልኝ። አውሮፕላኑ ሲነሣ የማውቀውን ውዳሴ ማርያም ሁሉ ፈለግሁት፤ እንደ ልማዴ መጀመሪያው ላይ ጠፋኝ። እጄን የያዘችልኝ ልጄ ናት። «አይዞህ አባባ፣ ደርሰናል» ትለኛለች። ዓይኔን ገልጬ ባይ ጣና ገና ከእግራችን ሥር ነው።

ሰዎቹ የተከራዩላት ክፍል አንድ አልጋና አንድ ፍራሽ ያላት ናት። በመጀመሪያው ቀን ሥራ ቦታዋ ድረስ አደረስኳት፤ ታክሲ ተሳስቼ አርፍዳ ገባች። በሁለተኛው ቀን እሷ እኔን እየመራች ሄድን። ማታ ማታ ስለ ሥራዋ ትነግረኛለች፣ የሰዎቹን ስም ትጠራልኛለች፣ በመሐል ትስቃለች። እኔ ለወር ልከርም ልብሴን ይዤ ነበር የሄድኩት።

ሳምንቱ ሊሞላ ሲል፣ ጠዋት ለሥራ ስትወጣ እንደ ልማዴ ጫማዬን ማድረግ ጀመርኩ። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «አባባ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አለችኝ። ልታስከፋኝ ብላ አይደለም፤ እንዲያውም ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርጌ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ቁልቁለቱን በፍጥነት ወረደች፣ ታክሲውን በእጇ አስቆመች፣ ገባች። ወደ ኋላ አልዞረችም። ደስ አለኝ፤ ከፋኝም። ታክሲው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ ለሸዋአየሁ ደወልኩና ነገ እመጣለሁ አልኳት።